ሪጋሎ ኢዚ ስቴፕ፦ ለሕፃን የተሠራ ቤቢ ጌት ውሻ ባለበት ቤት

ሪጋሎ ኢዚ ስቴፕ ቤቢ ጌት ነው፤ ማለትም ሕፃን ወይም ውሻ እንዳያልፍ መተላለፊያ ላይ የሚገጠም አጭር በር። ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ74 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መተላለፊያ ላይ፣ ግድግዳ ሳይበሳ፣ በመጠንጠን ብቻ ይገጠማል። ብረት ነው፣ በመሃሉ አዋቂ የሚያልፍበት በር አለው፣ በሩም በአንድ እጅ ይከፈታል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ50 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ወደ አዲስ አበባ ለማስመጣት ለሚያስቡ ግን ማስጠንቀቂያ አለ፦ ዙሪያውን የሚይዘው ፍሬም አንድ ወጥ ስለሆነ ተጣጥፎ ልብስ መሃል አይገባም፤ በካርቶኑ እንደ አንድ ሻንጣ ነው የሚጓዘው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ዳዴ ለሚል ወይም ገና መሄድ ለጀመረ ልጅና ለትንሽ ወይም ለመካከለኛ፣ ረጋ ላለ ውሻ ገንዘቡን የሚያወጣ ዕቃ ነው። ጀርመን ሸፐርድ ወይም እሱን የሚያክል የግቢ ጠባቂ ላለበት ቤት ግን ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱ የብረቱ ጥራት ሳይሆን በሩ የተሠራበት ልክ ነው።

በአሜሪካ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው የቤቢ ጌት የደኅንነት ደረጃ የታሰበው ከ6 እስከ 24 ወር ላለ ሕፃን ነው። ትንሹ የተፈቀደ ቁመት 56 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሩም ወደ 13.6 ኪሎ የሚሆን ግፊት ችሎ ከቦታው እንዳይነቀል ይፈተናል። ለሕፃን ይህ በቂ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የበር ደወል ሰምቶ ተንደርድሮ ሲመጣ የሚያሳርፈው ምት ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሸፐርድ ትከሻው ድረስ ብቻ ከ55 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ለሱ 76 ሳንቲ ሜትር መዝለል ሥራ አይደለም። ብዙዎቹ የማይዘሉት ስላልቻሉ ሳይሆን ስላልፈለጉ ነው። ድመት በግቢው ስታልፍ ወይም ልጁ ወድቆ ሲጮኽ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ። ለትልቅ ውሻ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል 1 ሜትር ቁመት ያለውን መፈለግ ይሻላል።

መግጠሙ ላይ

ከመግዛትዎ በፊት መተላለፊያውን ሦስት ቦታ ይለኩ፦ ከወለሉ አጠገብ፣ በመካከል፣ ከዚያም በ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ። ከሦስቱ ትንሹ ቁጥር ነው የሚሠራው። በአዲስ አበባ ቤቶች የመኝታ ክፍል በር አብዛኛውን ጊዜ 80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ይገጥማል። 70 ሳንቲ ሜትር የሆነው የመታጠቢያ ቤት በር ላይ ግን አይገባም። ሰፊው የሳሎንና የመመገቢያ ክፍል ቅስትም ከ99 በላይ ስለሚሆን ተጨማሪ ማስረዘሚያ ይጠይቃል። ማስረዘሚያ በጨመሩ ቁጥር በሩ ይላላል፤ ውሻ ላለበት ቤት ከአንድ በላይ ባይቀጥሉ ጥሩ ነው።

ካርቶኑን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በበሩ መቀርቀሪያና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። «ተጣሞ መጣ» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ነው። አልተጣመመም። ፍሬሙ ሆን ተብሎ ከላይ ገለጥ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ አራቱ ጠመዝማዛ ብሎኖች ግድግዳውን ሲገፉ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይመጡና ክፍተቱ ይዘጋል። ስለዚህ ክፍተቱ ራሱ መለኪያ ነው። ሰፊ ከሆነ የላይኞቹ ብሎኖች አልጠበቁም፤ በሩ እየተፋተገ የሚዘጋ ከሆነ ከልክ በላይ ጠብቀዋል።

የማጥበቁ ቅደም ተከተል ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ፍሬሙን መሃል ላይ ያቁሙና በውኃ ልክ ያስተካክሉ። የታችኞቹን ሁለት ብሎኖች ግድግዳውን እስኪነኩ በእጅ ብቻ ያዙሩ። ቀጥሎ የላይኞቹን ሁለቱን፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር። መቀርቀሪያው በትክክል ሲገባ ወደ ታችኞቹ ተመልሰው ያጥብቁ፤ በመጨረሻም ዳዶዎቹን (ብሎኖቹ ላይ የሚዞሩትን መቆለፊያዎች) ወደ ፍሬሙ አስጠግተው ይቆልፉ። ዳዶው ካልተቆለፈ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ብሎኑ በትንሽ በትንሹ ይመለሳል። በሩ በሁለተኛው ሳምንት «በራሱ ወደቀ» የሚባለው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ዞኮሎ (ከወለሉ አጠገብ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ጠርዝ) ያለው ግድግዳ ሌላ ችግር አለው። ታች ያለው ዞኮሎ ከግድግዳው 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ወጣ ስለሚል የላይኛው ብሎን ከታችኛው ይረዝማል፣ ያለልክ የረዘመ ብሎን ደግሞ ይጎብጣል። መፍትሔው ከዞኮሎው ጋር እኩል ውፍረት ያለው ጣውላ ከላይ በኩል ግድግዳው ላይ በብሎን አስሮ በበሩ ብሎን ጫፍ ያለው ጎማ በጣውላው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ግድግዳ ሳይበሱ መግጠም ይቻላል የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው፤ ለውሻ ግን አይመከርም። ከካርቶኑ ጋር የሚመጡ፣ ጎማው የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ሲኒ መሳይ ክፍሎች አሉ። አራቱንም ግድግዳው ላይ በብሎን ይሰሯቸው። በብሎኬት ግድግዳ ላይ በትራፓኖ በስቶ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ ማስገቢያ) ማስገባት ነው፤ ልስኑ ብቻ እንዳይይዘው ብሎኑ ብሎኬቱ ድረስ ይግባ። በአሜሪካ አፓርታማዎች ጂፕሰም ግድግዳ ላይ ከሆነ ከጀርባ ያለውን እንጨት ፈልጎ እሱ ላይ ማሰር ነው፤ ባዶ ጂፕሰም ላይ የተጠነጠነ ብሎን ግድግዳውን ወደ ውስጥ ያጎደጉዳል፣ አከራዩም ከተቀማጩ ይቆርጣል። በብረት የበር ፍሬም ላይ ደግሞ ጎማው ይንሸራተታል፤ ቀለሙን በአልኮል መጥረግ ጥቂት ይረዳል፣ አስተማማኙ ግን አሁንም ሲኒዎቹን ማሰር ነው።

ደረጃ አናት ላይ ይህን በር በፍጹም አይግጠሙ። በመጠንጠን ብቻ የቆመ በር ሲነቀል ልጁንም ውሻውንም ይዞ ይወርዳል። ሳይነቀልም ከታች የሚያልፈው ብረት ደፍ ሆኖ፣ ሕፃን የታቀፈ ሰው በሌሊት እንዲደናቀፍ ያደርጋል። ለደረጃ አናት ደፍ የሌለው፣ ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰርና ወደ ደረጃው የማይከፈት ሌላ ዓይነት አለ።

በየሳምንቱ አንድ ጊዜ በሩን ከላይ በሁለት እጅ ይዘው ገፋ ሳብ ያድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ያጥብቁ።

ከበሩ ወዲያ ያለው ውሻ

አብዛኛው ገዢ በሩን ገጥሞ፣ ውሻውን ወዲያ አስገብቶ፣ ዘግቶ ይሄዳል። ውሻው ያለቅሳል፣ ይቧጥጣል፣ ይጮኻል። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ ባለፈ ቁጥር በሩ ላይ መንጠላጠል ይጀምራል። እዚህ ላይ የተፈጠረው ነገር አደገኛ ነው፦ ውሻው ልጁን ከመታሰሩ ጋር አያይዞታል። በሩ አንድ ቀን ክፍት ሲቀር የሚወጣው ውሻ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። በሩ ለዚህ ተጠያቂ አይደለም፤ ማለማመድ ስለተዘለለ ነው።

ማለማመዱ አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሩ ክፍት ሆኖ ውሻው ምግቡን ከበሩ ወዲያ ይብላ። በሦስተኛው ቀን እየበላ ሳለ ይዝጉትና ሳይጨርስ ይክፈቱት፤ 30 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ 1 ደቂቃ፣ 3 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ እያሉ ይሂዱ፤ መጀመሪያ አዋቂው ከአጠገቡ ቆሞ፣ ቀጥሎ ክፍሉ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ፣ በመጨረሻ ከዕይታ ወጥቶ። ካለቀሰ እርምጃው ረዝሟል ማለት ነው፤ ወደ ቀደመው ጊዜ ይመለሱ። በሩን እያለቀሰ ሳለ ከከፈቱለት ማልቀስ በር እንደሚከፍት ይማራል፤ ዝም ያለባትን ሁለት ሰከንድ ጠብቀው ይክፈቱ።

መኝታውን ከበሩ 1 ሜትር ተኩል ያህል ያርቁት። በሩ ሥር የተኛ ውሻ በሩን መጠበቅ ይጀምራል። በዚያ በኩል ውኃና የሚያኝከው ነገር ይኑር፣ ልጁ ከወዲህ በኩል ሆኖ አይድረስበት። ልጁ ወደ ክፍሉ ሲገባ ከበሩ ወዲያ ትንሽ ምግብ ይጣልለት፣ ልጁ ሲወጣ ይቁም። ብዙ ቤት የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ልጁ ሲመጣ ውሻው ይባረራል፣ ልጁ ሲተኛ ይደባበሳል።

አንድ ቃል ስለ ማጉረምረም። ውሻ ከበሩ ወዲያ ሆኖ ሲያጉረመርም የሚመታ ቤት ብዙ ነው። ማጉረምረም የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ የጠፋ ማጉረምረም ውሻውን አያረጋጋውም፤ ማስጠንቀቂያውን ዘሎ በቀጥታ የሚነክስ ያደርገዋል። ከማጉረምረም በፊት የሚመጡት ምልክቶች ዝምተኛ ናቸው፦ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞርና ዓይኑን ብቻ ወደ ልጁ ይልካል፤ ነጩ ይታያል። ከዚያ ድርቅ ይላል። ያ ድርቅ ማለት ሲመጣ ልጁን ያንሱ፤ ውሻውን አይጎትቱ። ጭራ መቁላትም የደስታ ብቻ ምልክት አይደለም። ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሞ በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ውሻው ተወጥሯል።

ከበሩ ወዲህ ያለው ልጅ

የዚህ በር ትልቁ ድክመት ዘንጎቹ ናቸው። የልጅ እጅ ያልፋል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ በእጁ የያዘውን ዳቦ ወይም ብስኩት ወዲያ ማሳለፍ ይወዳል፤ ከእናቱ የለመደውን ጉርሻ ነው ለውሻው የሚያደርሰው። ውሻውም በደግነት ተቀብሎ ጣት ይጨምራል። ፍቱን መፍትሔው ከታች እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ፣ በልጁ በኩል፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ማሰር ነው። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በስቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከዘንጎቹ ጋር ይታሰራል፤ የማሰሪያው ጫፍ ተቆርጦ ስለቱ በውሻው በኩል ይዙር። ካርቶን ወይም ጨርቅ አይሆንም፤ ውሻውም ልጁም በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ሁለት በር መግዛት ለሚችል፣ በኮሪደር ላይ በ1 ሜትር ርቀት ሁለቱን መግጠም ከሁሉ ይበልጣል፤ አንዱ ክፍት ቢረሳ ሌላው አለ።

ከድመት ማለፊያ ጋር የሚሸጡ ጌቶች አሉ፤ ዳዴ ለሚል ልጅ ያቺ ማለፊያ ጭንቅላት የምታስገባ መስኮት ናት። ልጅ ባለበት ቤት ተቆልፋ ትኑር ወይም ያለ እሷ ይግዙ።

ልጁ 24 ወር ሲሞላ ወይም በሩ ላይ መንጠላጠል ሲጀምር፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ጌቱ ልጁን መከልከል ያቆማል። ከዚያ በኋላ ውሻውን ብቻ ነው የሚይዘው። ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በሩን የሚከፍት የሦስት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት በር የሌለው ቤት ነው። ያኔ ከላይ ተጨማሪ መቀርቀሪያ፣ ወይም ውሻውን የእንጨት በር ባለው ክፍል ማኖር።

በሩ ክፍት የሚሆንባቸው ሰዓቶችም ደንብ ይፈልጋሉ። አዋቂው እጁን ዘርግቶ ልጁን በሚይዝበት ርቀት ካልተቀመጠ በሩ ይዘጋ። ከማዕድ ቤት ሆኖ «አያቸዋለሁ» ማለት አይሠራም፤ ንክሻ ሰከንድ አይፈጅም፣ በትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ፊትና ጭንቅላት ላይ ነው፣ ነካሹ ውሻም በብዛት ልጁ የሚያውቀው ነው። ልጁ ሲነካው በተከፈተ መዳፍ፣ ደረቱ ወይም የአንገቱ ጎን ላይ፣ ለ3 ሰከንድ፤ ከዚያ እጅ ይነሳ። ውሻው ጠጋ ካለ ይደገማል፣ ዞር ካለ አለቀ። ማቀፍ፣ መጋለብ፣ ተኝቶ ሳለ መንካት የለም።

ምግብ ሲቀርብ በሩ ሁልጊዜ ይዘጋ። መሶብ በውሻ አፍ ቁመት ላይ ነው፣ ልጁም እንጀራ ይዞ ዙሪያውን ይዞራል። የፋሲካና የገና ሰሞን የባሰ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለልጁ የዋህ የሆነ ውሻ ትልቅ አጥንት ሲያገኝ ሌላ ውሻ ይሆናል። አጥንቱ ከበሩ ወዲያ ይሰጥ፣ ተበልቶ እስኪያልቅ ወይም በምግብ ተለውጦ እስኪነሳ ማንም አይግባ። ጥሬ ሳንባና ጉበት ደግሞ ጭራሽ አይሰጥ፤ የውኃ ቋት የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል ወደ ውሻው የሚገባው በዚያ ነው፣ ከውሻው ወደ ልጅ እጅና አፍ ይሻገራል። ቡና ሲፈላም እንዲሁ ይዝጉት፤ ከሰሉ ወለል ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በያጅ ጋ ማሠራት

ለትልቅ ውሻ ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ ይህ ይመረጣል። ለበያጁ የሚሰጡት ልክ፦ ቁመት 1 ሜትር፤ ፍሬሙ 20 በ20 ሚሊ ሜትር ካሬ ብረት፤ ዘንጎቹ 10 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ፣ ሁሉም ቁም፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፤ ከወለሉ የሚነሳው ከ4 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ። ክፍተቱን ካልነገሩት እንደ መስኮት ብረት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ይበይደዋል፤ በዚያ ልክ ቡችላም የልጅ አካልም ያልፋል፣ የልጅ ጭንቅላት ግን ይቀረቀራል። ለማጠንከር ብሎ በመሃል አግድም ብረት እንዳይጨምርበት ይከልክሉት፤ ለልጁ መሰላል ይሆናል። ጌጥ፣ ጠመዝማዛ አበባና ከላይ የሾለ ጫፍ የለም። ከታች እስከ ግማሽ በላሜራ ቢሸፈን የጣት ጉዳይ አብሮ ያልቃል።

መቀርቀሪያው ሁለት ይሁን፣ ከላይ፣ ከልጁ ተቃራኒ ጎን። የብየዳ ቁርጥራጮች በመሮ ተነስተው፣ በሞላ ተስለው በእጅ ተዳስሰው ይታዩ። ቀለሙን «ሊድ (መርዛማው የእርሳስ ማዕድን) የሌለበት» ብለው ይጠይቁ፤ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ብረቱን ያኝካል። ከቀቡት በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ውጭ ይቆይ።

በሰንሰለት ማሰር የጌት ምትክ ተደርጎ ይታያል፤ አይደለም። በዴንቨር ከተማ ተደርጎ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ላይ፣ የነከሱት ውሾች ካልነከሱት ይልቅ በግቢ ታስረው የሚውሉ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፣ ልጁ ደግሞ ሰንሰለቱ እስከ የት እንደሚደርስ አያውቅም። ግቢ ለሚውል ጠባቂ በአጥር የተከለለ ማደሪያ፣ ልጁ ሲጫወት የሚዘጋ፣ ሲገባ የሚከፈት፣ ይበልጣል። አፍ ላይ የሚጠለቅ ቅርጫትም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አፉን ከፍቶ ማለክለክ የሚችልበት ከሆነና አዋቂ ካለ ብቻ። አፉን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው የጨርቁ ዓይነት ለሐኪም ቤት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሙቀት ውሻውን ይገድላል።

የትኛውም በር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን አይተካም። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በእንስሳት ሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት። ውሻ ልጁን ከነከሰ ወይም ቁስል ላይ ከላሰ፣ ትንሽ ጭረት ብትሆንም፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ። ውሻውን መግደል አይገባም፤ ለ10 ቀን ተዘግቶ ቢታይ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። የልጁ ክትባት ግን እሱን ጠብቆ አይዘገይም።

ያገለገለ ሪጋሎ ከሰው ለሚገዙ፦ አራቱም ብሎኖች፣ አራቱም ጎማዎችና አራቱም ሲኒዎች መኖራቸውን ይቁጠሩ። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ይንሸራተታል፤ ብሎን ከጠፋ ቶርኖ ቤት በናሙና ያወጣዋል፤ ፍሬሙ በእውነት ከተጣመመ ግን፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተጠንጥኖም መቀርቀሪያው ካልገባ፣ በርካሽም አይውሰዱት። መቀርቀሪያው ሲዘጋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት። ሻጩ ፊት አሥር ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ።